እማማ ከድጃ በቴሌስኮፗ ያዩት

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ ቀድመው ከሚስቁት አንዷ ነኝ። መካነ ሰላም ፊዚክስ ሳስተምር ስምንት ዓመቴ ነው፣ ተማሪ «ቲቸር፣ አያቴ ጂን አይተዋል» ሲለኝ «ክብደቱ ስንት ኪሎ ነበር?» ብዬ ክፍሉን በሳቅ የማፈርስ ሰው ነኝ፣ ይህን የምነግራችሁ ኋላ «ድሮም ልቧ ወደዚያ ያደላ ነበር» እንዳትሉኝ ነው።

ቴሌስኮፕ አለችኝ፣ አዲስ አበባ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የገዛኋት፣ ግቢዬ ውስጥ አቁሜያት ስልኬን በላስቲክ ከማያዋ ጋር አስሬ ጨረቃን ፎቶ አነሳለሁ። ባልደረቦቼ «ባል ሲጠፋ ጨረቃ አገባች» ይሉኛል፣ ይበሉ።

እማማ ከድጃ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው። ብቸኛ ልጃቸው ሀያት ዐረብ አገር ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ዓመት አልፎ ነበር፣ እና በዚያ ሳምንት የባላቸው ወንድም ጋሽ ሁሴን ከወረኢሉ መጥተው «ከእንግዲህ ምን እንጠብቃለን፣ እርሟን አውጥተን እንረፍ» ብለው ለቅሶውን ለቅዳሜ ቆረጡት። እኔን ያስጨነቀኝ፣ እርም ከወጣ በኋላ ሀያትን የሚፈልጋት አለመኖሩ ነው፣ የላካትን የደሴ ደላላ የሚጠይቀውም፣ ኤምባሲ የሚደውለውም ያን ዕለት ያቆማል።

ሐሙስ ፀሐይ እንደገባች ግማሽ ጨረቃ መሃል ሰማይ ላይ ነበረች። ቴሌስኮፗን በጎኗ ባለችው ትንሽ ማነጣጠሪያ አስተካክዬ ስልኬን ከቻርጀር ልነቅል ወደ ቤት ገባሁ። ስመለስ እማማ ከድጃ በአጥሩ ክፍተት ገብተው፣ በርጩማዬ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ማያዋ ላይ ለጥፈዋል።

«ምን ያያሉ እማማ?» አልኩ፣ እንዳላስከፋቸው ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

«ዝም በይ ልጄ፣ እንዳትሸሽብኝ። ሀያት ናት። ፎቅ ጣራ ላይ ሁና አንሶላ ታሰጣለች። ያ ረቢ፣ ያን የመሰለ ጠጉሯን ምን አስቆረጣት?»

ድምፃቸው ውስጥ ልቅሶ አልነበረም፣ ልጁ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩቅ እንዳየ ሰው ነበር የሚያወሩት። ምስኪን፣ ሐሳብ ነው እንዲህ የሚያደርጋቸው አልኩ። ልደግፋቸው ስጠጋ ግን የቴሌስኮፗን አፍ አየሁ። ጥቁሩ የፕላስቲክ ክዳን እንደተገጠመ ነው። ሳነጣጥር ረስቼው ኖሯል፣ እመኑኝ፣ ያን ሰዓት በዚያች ቱቦ ውስጥ ዓይናማ ሰውም ቢሆን ከጨለማ በቀር የሚያየው አልነበረም።

ልነግራቸው አፌን ስከፍት ሰማሁት። ጧ! ሰው እርጥብ ጨርቅ ሲያራግፍ የሚወጣው ድምፅ፣ ከቱቦዋ ውስጥ። ቆየት ብሎ ደግሞ ሌላ። የሳሙና ሽታም ሸተተኝ። አንገቴን አስግጌ በአጥሩ ላይ የጎረቤቱን ሁሉ ግቢ ቃኘሁ፣ አንድም የተሰጣ ልብስ የለም፣ ነፋስም የለም።

«ገባች» አሉና እማማ ብድግ አሉ። «አልሐምዱሊላህ። ደህና እደሪ ልጄ።»

አጥሩን እስኪሻገሩ በዓይኔ ሸኘኋቸው። ከዚያ ክዳኑን አንስቼ፣ ጨረቃዋን እንደገና ፈልጌ፣ ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ሰባት ፎቶ አከታትዬ አነሳሁ። አምስቱ እንደወትሮው ናቸው። ሦስተኛው ላይ ግን ጨረቃዋን አቋርጦ የሚያልፍ ቀጭን ገመድ አለ፣ ገመዱ ላይም አራት ማዕዘን ጥላ ተንጠልጥሏል። የመብራት ሽቦ ነው ትሉ ይሆናል፣ እኔም ብዬ ነበር፣ ነገር ግን ጨረቃ ላይ በተስተካከለች ቴሌስኮፕ ፊት ቅርብ ያለ ሽቦ ቢያልፍ ደብዝዞ ይጠፋል እንጂ እንዲህ ጥርት ብሎ አይወጣም፣ ይህን በየዓመቱ የማስተምረው እኔው ነኝ። አራተኛው ላይ ገመዱ አለ፣ ጥላው የለም። የተሰጣውን ጨርቅ አንድ ሰው አንስቶታል።

ቅዳሜ ለቀስተኛው ተሰበሰበ። እማማ ከድጃ ከመካከል ቆመው «በሕይወት ላለ ሰው እርም አይወጣም፣ በአስተማሪዋ መሣሪያ ዓይቻታለሁ» አሉ። ሰው እርስ በርሱ ተያየ። ጋሽ ሁሴን ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ ያልሽውን እቀበላለሁ። ወላሂ በይኝ፣ ከድጃ አይታታለች?»

ስለ ክዳኑ አንዲት ቃል ብተነፍስ ሀያት እዚያው ትሞታለች።

«እኔ አላየሁም ጋሼ» አልኩ፣ «እሳቸው ግን አይተዋል።»

ጋሽ ሁሴን ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለሱ። ከዚያ «እንግዲያው ሰኞ ደሴ ወርጄ ደላላውን አንገቱን እይዘዋለሁ» አሉ፣ ድንኳኑም ሳይተከል እንደተጠቀለለ ተመለሰ።

ሰው ሲበተን እማማ ክንዴን ያዙና ወደ ጆሮዬ ተጠጉ። «ክዳን እንዳለው ገና ስቀመጥ በእጄ ዳስሼ አውቄአለሁ» አሉኝ። «ላነሳው ስል ነው ብቅ ያለችልኝ። አብሽሪ፣ አልዋሸሽም።»

ልጃቸውን ለማትረፍ የፈጠሩት ነው እንዳልል ፎቶው ስልኬ ላይ አለ፣ ለማንም አላሳየሁትም። ሀያት እስካሁን አልደወለችም። ጋሽ ሁሴን ግን ፍለጋውን አልተዉም፣ እማማም ክፍሏን ኖራ አስቀብተው አልጋዋን አንጥፈዋል። እኔ ደግሞ አሁን አሁን ክዳኑን ከማንሳቴ በፊት ጆሮዬን ቱቦዋ ላይ አስጠጋለሁ።