አራት ሰዓት ከአሥር ላይ የተሞላው ምልከታ

ወይዘሮ ማሪያም መወልወያቸውን ይዘው ደረጃው ሥር ሲደርሱ አሠልጣኙን ኦሊያድን በጀርባው ተዘርሮ አገኙት። ጭንቅላቱ ከታች ሲሚንቶው ላይ፣ እግሮቹ ሦስተኛው ደረጃ ላይ ነበሩ። ዓይኖቹ እንደተከፈቱ ጣሪያውን ያያሉ። ሴትየዋ ጮኹ።

ኢንስፔክተር ሰዕዲያ ኦመር አሶሳ ከተማ ጠርዝ ላይ ወዳለው የማሠልጠኛ ግቢ ስትደርስ ረፋዱ አምስት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ፖሊስ ከመሆኗ በፊት ስድስት ዓመት አስተምራለች። ሬሳውን ከማየቷ በፊት ቆማ ደረጃውን ከላይ እስከ ታች ማየቷ ረዳቷን ሳጅን ኤጀታን አልገረመውም፤ ልማዷን ያውቃል።

«አዳልጦት ነው የሚመስለው፤ ሴትየዋ እየወለወሉ ነበር» አላት።

«መወልወያውን ንካው።»

ነካው። ደረቅ ነበር።

«ገና ሊጀምሩ ነበር እንጂ አልወለወሉም። ደግሞስ ወደ ታች ሲወርድ ያዳለጠው ሰው እግሩ ነው የሚቀድመው። የዚህ ልጅ ጭንቅላቱ ቀድሟል። ፊቱን ወደ ላይ አዙሮ፣ ከላዩ የቆመ ሰው እያየ ነው የወደቀው።»

ኤጀታ ማስታወሻውን አወጣ።

ፎቁ ላይ ያለው አዳራሽ ለአምስት ቀን ሥልጠና የተሰናዳ ነበር። የትምህርት ቤት ርዕሳነ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች ክፍል ገብተው የመምህሩን አስተማማር ሲመለከቱ፣ ያዩትን በወረቀት ፈንታ በስልካቸው ሞልተው በኢንተርኔት እንዲልኩ፣ ለመምህሩም ግብረ መልስ እንዲሰጡ ይማሩበታል። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው ትልቅ ወረቀት ኦሊያድ በእጁ እንዲህ ጽፏል፦ «ግብረ መልስ ለብቻ ነው። ጎን ለጎን ተቀመጡ። በመሃላችሁ ጠረጴዛ አይኑር።»

ከአዳራሹ ጥግ የተዘጋ ላፕቶፕ ፊት ሁለት ወንበሮች ጎን ለጎን ተጠጋግተው ነበር።

«ለአንድ ሰው ግብረ መልስ ሲሰጥ ነበር» አለች ሰዕዲያ ቀስ ብላ።

ዕለቱ ሦስተኛው የሥልጠና ቀን፣ የተግባር ልምምድ ቀን ነበር። ዘጠኙ ሠልጣኞች ከሌላው አሠልጣኝ ጋር በአውቶቡስ ራቅ ወዳለ ትምህርት ቤት ሄደዋል። ሦስቱ ብቻ ከመንገዱ ማዶ ባለው ትምህርት ቤት አራት ሰዓት ላይ ክፍል እንዲገቡ ተመድበው ነበር። አንደኛዋ የአሶሳ ዙሪያ ርዕሰ መምህርት ሳና ናት፤ ሁለተኛው ከባምባሲ የመጣው ርዕሰ መምህር ገቢሳ። ሦስተኛው ሠላሳ አንድ ዓመት ያገለገሉት ሱፐርቫይዘር አቶ ምስጋና ናቸው።

ወይዘሮ ማሪያም ግቢው ውስጥ ያለ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ይጠመዝዛሉ።

«አራት ሰዓት ላይ ድምፁን ሰምቻለሁ» አሉ። «ሬዲዮው ዜና ሲጀምር ነው። ከላይ ቀስ ብሎ ያወራ ነበር፤ ልጅ እንደሚያባብል። የሚያናግረውን ሰው ድምፅ ግን አልሰማሁም። ከዚያ እኔ ጓሮ ሄድኩ። አራት ሰዓት ተኩል ሲሆን ተመለስኩ፤ አገኘሁት።»

«ከውጭ የገባ ሰው አላዩም?»

«በሩ ጋ ዘበኛው ነበር፣ ጠይቂው። እንግዳ አልገባም። ሠልጣኞቹ ግን እንዳሻቸው ይወጣሉ፣ ይገባሉ። እነሱን ማን ይቆጥራል?»

ሰዕዲያ መጀመሪያ ገቢሳን አስጠራች። ግዙፍ ሰው ነው፤ ስልኩን በሁለት እጁ እንደ ትኩስ ድንች ያገላብጠዋል።

«ሰኞ ዕለት ከኦሊያድ ጋር ተጣልተሃል ይባላል።»

«ዱጋ፣ እውነት ነው። ይህ ስልክ ሰላይ ነው አልኩት። መምህሩ ትንሽ ሲሳሳት አዲስ አበባ ድረስ ይነግርበታል አልኩት። ግን ልጁን አልጠላሁትም።»

«አራት ሰዓት ላይ የት ነበርክ?»

«ስድስተኛ ክፍል።» ይህን ሲል ዓይኑ ወደ መስኮቱ ሸሸ።

ሳና ስትገባ ዓይኖቿ አብጠው ነበር። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት፤ አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ሲከፋት ግን ወንዱንና ሴቱን ያደባልቅባታል።

«ትናንት ከሰዓት ከኦሊያድ ጋር ስትነጋገሪ ቆይተሽ አልቅሰሽ ወጣሽ አሉ።»

«እሷ ክፉ አልተናገረችኝም። ኦሊያድ ማለቴ ነው። እሱ ጥሩ ሰው ነበር።»

«ታዲያ ለምን አለቀስሽ?»

«አደራ ብሎኛል። አልናገርም።»

«ዛሬስ የት ነበርሽ?»

«ሦስተኛ ክፍል። ብቻዬን።»

ሰዕዲያ ወደ በርትኛ ዞረች። የአገራቸው ቋንቋ ቢሆንም ሳና ራሷን ከመነቅነቅ በቀር መልስ አልሰጠችም።

አቶ ምስጋና መጨረሻ ገቡ። ኮታቸውን ቆልፈዋል፤ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እንደ ልጄ ነበር» አሉ። «እኛ ሽማግሌዎች ጣታችን አልታዘዝ ሲል ተቆጥቶን አያውቅም። አራት ሰዓት ላይ አምስተኛ ክፍል፣ መምህርት ቢታንያ ዘንድ ነበርኩ። መዝገቡ አለ። ስልኩ ፎርሙ ሲከፈት ሰዓቱን ራሱ ይመዘግባል፤ ይመልከቱት።»

«እናየዋለን፤ አመሰግናለሁ አቶ ምስጋና።»

ሌላው አሠልጣኝ ሙርሳል ከመስክ ተጠርቶ መጥቶ ነበር። በራሱ የይለፍ ቃል ላፕቶፑን ከፍቶ የዕለቱን መዝገብ አወጣ። ኤጀታ ከትከሻው በላይ አነበበ።

«ሳና 10:06፣ ገቢሳ 10:08፣ ምስጋና 4:10። ሦስቱም አራት ሰዓት ላይ ክፍል ውስጥ ነበሩ ማለት ነው።»

«እስኪ ድገመው» አለች ሰዕዲያ።

ደገመው። ሦስቱን ቁጥሮች አንዱን ከአንዱ ሥር ጻፈቻቸው። ከዚያ ሙርሳልን ጠየቀችው፦ «ኦሊያድ ላፕቶፑን ከመዝጋቱ በፊት ምን ሲያይ ነበር?»

ሙርሳል ፈለገና አራት የቆዩ ምልከታዎችን አወጣ። ኦሊያድ ለሥልጠናው ምሳሌ እንዲሆኑ ከድሮ ወረቀቶች ላይ የገለበጣቸው ናቸው። ሁሉም በ2014 ዓ.ም. የተሞሉ፣ የተመልካቹ ስም በመለያ ቁጥር የተተካ፣ ስለ አንድ መምህር የሚናገሩ ነበሩ። የመምህሩ ስም ጁምዓ ይላል። አራቱም ላይ ያለው አስተያየት ከነነጠላ ሰረዙ አንድ ነው፦ «የቋንቋ ችግር አለበት፣ ክፍሉን መቆጣጠር አይችልም፣ ለማስተማር ብቁ አይደለም።»

ሰዕዲያ በሦስተኛው ምልከታ ቀን ላይ ጣቷን አቆመች። ሚያዝያ 24።

«በዚያ ቀን ኢድ ነበር» አለች። «እናቴ ቤት ነበርኩ። አገሩ ሁሉ ዝግ ነው። ማን ነው በኢድ ቀን ክፍል ገብቶ መምህር የሚመለከት?»

ኤጀታን ዋናዎቹን ወረቀቶች ከመዝገብ ቤት እንዲያመጣ ላከችውና እሷ መንገዱን ተሻገረች።

የሦስተኛ ክፍሉ መምህር ያየውን ሳይደብቅ ነገራት። ከዚያ ወደ አምስተኛ ክፍል ሄደች። ክፍሉ ባዶ ነበር፤ የቀለም ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሰሌዳውን በጣቷ ነካችው፤ ጣቷ ጠቆረ።

«ትናንት ማታ ነው የቀቡት፤ አልደረቀም» አለች ከኋላዋ የመጣችው መምህርት ቢታንያ።

«ታዲያ ዛሬ የት አስተማርሽ?»

«ማንጎው ሥር። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ነን።»

«እንግዳ መጥቶልሽ ነበር?»

«ይመጣል ተብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። ማንም አልመጣም። ክፍሉን ባዶ ሲያዩት ወደ ሌላ የሄዱ መስሎኝ።»

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ደመናው ወርዶ ክፍሉ ጨልሞ ነበር፤ መብራትም የለም። ሰዕዲያ ቆማ ተናገረች።

«ኦሊያድ አላዳለጠውም፤ ተገፍቷል። የሞተው ከአራት ሰዓት እስከ አራት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ከመሞቱ በፊት እዚያ ጥግ ላይ ከአንድ ሰው ጎን ተቀምጦ ነበር። ከትምህርት ቤቱ ወጥተው ወደዚህ በእግር ሊመለሱ የሚችሉት ሠልጣኞች ደግሞ እናንተ ሦስታችሁ ናችሁ።»

ገቢሳ ወንበሩ ላይ ተንቀሳቀሰ።

«አንተ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ ብለህ ዋሽተኸኛል። አንቺም ሳና፣ ብቻዬን ነበርኩ ብለሽ።»

«ዋሽቻለሁ» አለ ገቢሳ ላቡን እየጠረገ። «ጣቴ አማርኛ ፊደል ስልክ ላይ መጻፍ አልቻለም። ርዕሰ መምህር ሆኜ አፈርኩ። ሳና ‹እኔ ክፍል ና፣ እሞላልሃለሁ› አለችኝ። እንዳትናገሪብኝ ብዬ ለመንኳት።»

«የሦስተኛ ክፍሉ መምህር ሁለታችሁን ከአራት ሰዓት እስከ አራት አርባ ከኋላ ወንበር ላይ አይቷችኋል። እናንተ ነፃ ናችሁ።»

አቶ ምስጋና መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«የኔንም መዝገብ አይተሻል ልጄ» አሉ። «አራት ሰዓት ከአሥር ይላል።»

«አይቼዋለሁ። የያዘዎትም እሱ ነው።» ሦስቱን ቁጥሮች የጻፈችበትን ወረቀት አነሣች። «ስልክ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። እኛ አራት ሰዓት የምንለውን ረፋድ እሱ አሥር ይለዋል። የሳና አሥር ከስድስት፣ የገቢሳ አሥር ከስምንት ይላል። የእርስዎ ግን 4:10። በስልክ ቋንቋ ይህ ጎሕ ሳይቀድ ነው፤ ተማሪም መምህርም የሌለበት ሰዓት። ሙርሳል፣ ሰኞ ዕለት የአቶ ምስጋና ስልክ ምን ሆኖ ነበር?»

«ሰዓቱ በኛ አቆጣጠር የተሞላ ነበር» አለ ሙርሳል። «ኦሊያድ ነው ያስተካከለው። ሰዓቱ ከተነካ መዝገቡ ይበላሻል ብሎ ለሁሉም ነገራቸው።»

«እንግዲህ ሰዓቱ ሲነካ መዝገቡ እንደሚቀየር የተማሩት ከራሱ ከሟቹ ነው። ፎርሙን የሞሉት ኦሊያድ ከሞተ በኋላ ነው። በአራት ሰዓት ክፍል ውስጥ የነበሩ እንዲመስል የስልኩን ሰዓት ወደ ኋላ መለሱት። እጅዎ ግን የሠላሳ ዓመት ልማዱን ነው የጻፈው፤ አራት ከአሥር። ላፕቶፑ ላይ ግን ፎርሙ የደረሰበት ትክክለኛ ሰዓት አለ፤ ለአምስት ሰዓት ስምንት ጉዳይ ነው። በፎርሙ ላይ ደግሞ ‹መምህርቷ ሰሌዳውን በሥርዓት ከፋፍላ ተጠቅማለች› ብለው አመስግነዋታል። ሰሌዳው ቀለሙ አልደረቀም፤ ቢታንያ ያስተማረችው ዛፍ ሥር ነው።»

አቶ ምስጋና ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

ኤጀታ ከመዝገብ ቤት ያመጣቸውን አራቱን የቆዩ ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ሰዕዲያ ወደ ሳና ዞረች፤ ድምጿ ዝቅ አለ።

«ጁምዓ ባለቤትሽ እንደነበር ከመዝገብ ቤት ሰምተናል።»

«አዎ» አለች ሳና። «ማስተማር አትችልም ብለው ከማንኩሽ ወዲያ፣ ወደ ቆላ ላኩት። ወረቀቱን አላሳዩትም፤ ውጤቱን ብቻ ነው የነገሩት። በአምስተኛው ወር ወባ ገደለው። ትናንት ኦሊያድ ‹ወረቀቱ ሐሰት ነው፤ የጻፈው ሰው ነገ ራሱ ይነግርሻል፤ አንድ ቀን ታገሺ፣ ለማንም እንዳትናገሪ› አለኝ። ስሙን አልነገረኝም።»

«አራቱም ላይ ያለው ፊርማ የአቶ ምስጋና ነው» አለች ሰዕዲያ።

ሽማግሌው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ሲናገሩ ማንንም አላዩም።

«አሥራ አንድ ትምህርት ቤት በእግሬ እንድዞር ተሰጥቶኝ ነበር። መንገዱ ያን ጊዜ ያስፈራ ነበር፤ የወጣ ሰው ሁሉ አይመለስም። ቢሮዬ ቁጭ ብዬ ሞላሁ። ሁሉም እንደዚያ ያደርግ ነበር። ጁምዓ ግን ስብሰባ ላይ ተነሥቶ ‹ሱፐርቫይዘራችንን አይተነው አናውቅም› አለ። በሰው ፊት። ተናደድኩ። ይሞታል ብዬ አይደለም።»

«ዛሬስ?»

«ኦሊያድ ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጠኝ። አልሰደበኝም። ‹ሳና ከኔ ከምትሰማው ከእርስዎ ብትሰማው ይሻላል› አለኝ። ጡረታዬ ስምንት ወር ነው የቀረው። አጥፋው ብዬ ለመንኩት። እሷን ልጥራት ብሎ ተነሣ። ደረጃው ላይ ስሙን ጠራሁት፤ ዞረ። ልገድለው አልነበረም።»

«ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ወዲያው አልሞተም ብሏል» አለች ሰዕዲያ። «ሩብ ሰዓት ያህል ነፍሱ አልወጣችም ነበር። ከላዩ ተራምደው አለፉ፤ ሄደውም ስለ ሰሌዳ ጻፉ።»

አቶ ምስጋና ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ኤጀታ ክንዳቸውን ይዞ ሲያስነሣቸው ሳና ተነሥታ ፊታቸው ቆመች።

«ጁምዓ ሲያስተምር አንድ ቀን ሰምተውት ያውቃሉ?»

«አላውቅም» አሉ።

ወሰዷቸው። ዝናቡ ቆርቆሮውን መምታት ጀመረ፤ ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። ሳና ግን አራቱ ወረቀቶች አጠገብ ቀረች።

«ይህን ይሰርዙታል?» አለች።

«አሁን ማስረጃ ነው» አለች ሰዕዲያ። «ፍርድ ቤቱ እስኪጨርስ ማንም አይነካውም።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«አላውቅም፣ እኅቴ። ዓመት፤ ምናልባት ከዚያ በላይ።»

«እስከዚያ ‹ለማስተማር ብቁ አይደለም› እንዳለ ይቆያል ማለት ነው።»

ሰዕዲያ ወረቀቶቹን አየች። ስድስት ዓመት ባስተማረችበት ጊዜ እሷን ተቀምጦ የሰማት ሱፐርቫይዘር ማን እንደነበር ልታስታውስ ሞከረች፤ አንድም ሰው አልመጣላትም።

ሳና ወረቀቶቹን ሳትነካ ነጠላዋን ራሷ ላይ አደረገች።

«ፍርድ ቤቱ ሲጠራ የጁምዓን የአራተኛ ክፍል ልጆች አመጣለሁ» አለች በርትኛ። «አሁን ሰባተኛ ክፍል ደርሰዋል። ሠላሳ ስምንት ናቸው፤ ሁሉንም በስማቸው አውቃቸዋለሁ። እሱን የሰሙት እነሱ ናቸው። እነሱ ይናገሩ።»