የታዴዎስ ፓስወርድ

«የራስሽ አካውንት እስኪወጣልሽ በታዴዎስ ግቢ» አሉኝ የላይብረሪያችን ኃላፊ ወይዘሮ አሳየች። «ተማሪያችን ነበር፤ አምና ዐረፈ። እስካሁን አልተዘጋም።»

ጆርናሎቹን ለማንበብ ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ሁልጊዜ «ነፍስ ይማር» እያልኩ ፓስወርዱን አስገባለሁ። የማጠናው የእንጦጦን ምንጮች ነበር። ብፈልግ፣ ብፈልግ... የረባ ነገር አጣሁ።

በማግስቱ ስከፍተው ስፈልጋቸው የዋልኳቸው ጥናቶች ተቀምጠው ጠበቁኝ! ከሥራቸው ማስታወሻ አለ።

«እነዚህ ይጠቅማሉ። ዛሬ እንጦጦ ጉም ነው።»

ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ። ግን እኔም ጉድ ነኝ፤ መለስኩ።

«ጉሙ እኛ ሰፈር ፈረንሳይም ወርዷል። እዚያ ይበርዳል?»

«ይበርዳል። ብቻ መሆን ግን ይብሳል።»

ከዚያ በኋላ በየቀኑ ተጻጻፍን። የሞተ ሰው ወደድኩ... ይሄ ለማን ይነገራል?

አንድ ቀን አላስችል አለኝ። «የት ላግኝህ?»

«እዚያው እንጦጦ ራጉኤል። ቅዳሜ ከሰዓት።»

የተቀበረው እዚያ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ሄድኩ። በጉሙ ውስጥ መቃብሩን ፈልጌ ስሙን ሳነብ፣ ከኋላዬ ድምፅ መጣ።

«ታዴ?»

ዞርኩ። አንድ ቀጭን ወጣት ቆሟል።

«አንተ... ታዴዎስ አይደለህም?»

«ሕሩይ ነኝ፤ ጓደኛው። ሳይጨርስ የሄደውን ጥናት በእሱ አካውንት እየጨረስኩለት ነው።» ትክ ብሎ አየኝ። «የምትመልሺልኝ አንቺ ነበርሽ?»

«እኔ እሱ መስለኸኝ...»

«እኔም። የፈለግሽውን አካውንቱ ላይ ሳይ እሱ መሰለኝ። ሙት እንደማይጽፍ አጥቼው አይደለም። ግን ካጣራሁ ሁለተኛ ይሞትብኛል ብዬ ፈራሁ።»

ፊቱን አዙሮ ጉሙ ውስጥ ገባ። ማስታወሻውም ዝም አለ። ሙቱን ስወድ ሕያዉን አጣሁት።

በሟች ስም ዳግመኛ ለሕሩይ ልጽፍ አልቻልኩም። የራሴ አካውንት እስኪወጣልኝ ወይዘሮ አሳየችን ጨቀጨቅኳቸው። ሲወጣልኝ ከራጉኤል በታች ስላለው ምንጭ የተጻፈ ጥናት አግኝቼ ወደ ታዴዎስ አካውንት ላክሁ።

«ሰላማዊት ነኝ። በሕይወት አለሁ። አብረን እንጨርስለት?»

በየቀኑ እየከፈትኩ አየሁ። ተስፋ ቆርጬ ሳለ፣ አንድ ከሰዓት አጠገቤ ያለው ወንበር ተሳበ።

«ነፍስ ይማር እያልሽ ነበር አሉ የምትገቢው» አለ ሕሩይ።

«ማን ነገረህ?»

«ወይዘሮ አሳየች። አካውንቱን ላስዘጋ ነው የመጣሁት።»

የታዴዎስን አካውንት ከፍቶ የመጨረሻውን ማስታወሻ ጻፈ። «ታዴ፣ ደህና ሁን። ብቻዬን አይደለሁም።»

ወይዘሮ አሳየች አካውንቱን ሲዘጉት እጁን ያዝኩት። ይሞቃል።