ፓስፖርቴን * ወሰደብኝ

በዕውቀቱ፣ ጁባ ከተማ ኒምራ ታላታ ሰፈር በሚገኘው የጫኔ ሆቴል፣ ክፍል ሰባት ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ፊት አረፋ ደፍቆ ሞቶ ተገኘ። የጁባ ኢትዮጵያውያንን ንግግር እየቀዳ፣ ወደ ጽሑፍ እየገለበጠ የሚያጠና ምስኪን ሰው ነበር። ሻዩ ውስጥ የአይጥ መርዝ ነበረበት። ሻዩን ያደረሰችው የክፍል አጽጂዋ ዘኪያ ወዲያው በካቴና ታሰረች። ደሀን ማሰር ምን ያቅታል! ከተፈረደባት የሚጠብቃት ገመድ ነው።

መርማሪዋ አቤኒ ጋምቤላ ያደገች ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ አማርኛዋ ከአዲስ አበባ ልጅ አያንስም።

«እህቴ፣ ሻዩን ማን ቀዳው?»

«ተቀድቶ ባንኮኒው ላይ አገኘሁት። ወላሂ እኔ አልገደልኩም!»

«እሺ፣ ፓስፖርትሽስ?»

ዘኪያ ማልቀስ ጀመረች።

ባለሆቴሉ ጫኔ ግን አፉ አላረፈም። «እኔ ክፍሉ ደጃፍ አልደረስኩም። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም፣ ኮምፒውተሩን ፈትሺ፤ ስሜ አንድም ቦታ የለም።»

የሟቹ ረዳት ናሁሰናይ ኮምፒውተሩን ከፈተላት። ሶፍትዌሩ በተገለበጡት ንግግሮች ውስጥ የተፈለገውን ቃል ሁሉ ከነሰዓቱ ይመዘግባል።

«ይቺ ኮከብ ምንድን ናት?» አለች አቤኒ፣ በፍለጋዎቹ መሀል ያለችውን * እያሳየች።

«የማታውቂው ቃል ቦታ ላይ ታስገቢያታለሽ፤ የትኛውንም ቃል ትተካለች። እኔና በዕውቀቱ ያለ እሷ ፈልገን አናውቅም።»

አቤኒ የዘኪያ እንባ ትዝ አላት። «ፓስፖርቴን * ወሰደብኝ» ብላ ጻፈች። የወጣውን አንብባ፣ የፍለጋዎቹን ዝርዝር ከነሰዓቱ ተመለከተች።

ሦስቱንም ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ሐኪሙ በዕውቀቱ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ሞቷል ብሏል። ዘጠኝ ተኩል ላይ ግን አንድ ሰው በኮምፒውተሩ ፈልጓል። የፈለገው አንድ ቃል ነው፤ ‹ጫኔ›። ኮከብ የለውም። ውጤቱም ባዶ ነው። ዘኪያ ማንበብ አትችልም። ናሁሰናይ ቢሆን ኮከቧን ያስገባ ነበር። ስምህ እንደሌለ ማንም ሳይጠይቅህ የነገርከኝ አንተ ነህ፣ ጫኔ። በምን አወቅህ?»

«ገምቼ ነዋ!»

«እዚህ ቤት በስምህ የሚጠራህ የለም። የሚፈራ ሰው ስሙ አይጠራም፤ አንተም ይህን ረስተህ ስምህን ስታጣ ተማመንክ። ስማ እንግዲህ፤ ‹ፓስፖርቴን ጋሼ ወሰደብኝ። ፓስፖርቴን ባለሆቴሉ ወሰደብኝ። ፓስፖርቴን ሰውዬው ወሰደብኝ።› እንዲህ ብለው ለበዕውቀቱ የተናገሩት አስራ አንድ ሴቶች ናቸው! በዕውቀቱ ሊያጋልጥህ ሲል ሻዩን ቀድተህ በዚህች ምስኪን እጅ ላክህለት።»

ይህን ጊዜ ፖሊሶች የጫኔን ካዝና ሰብረው አስራ አንድ ፓስፖርትና የመርዙን ትራፊ ይዘው ገቡ። አቤኒ የዘኪያን ካቴና ፈታችላት።

«እህቴ፣ ለመዝገቡ ስም ያስፈልገኛል። ፓስፖርትሽን ማን ወሰደብሽ?»

«ጋሼ...» ብላ ጀመረች። ጫኔ አፈጠጠባት። ዘኪያ ቀና ብላ ዓይኑን አየችው።

«ጫኔ!» አለች። «ጫኔ ነው የወሰደብኝ!»