የጥፋቱ ተባባሪዎች

እጇን ያወጣችው ኡባህ ነበረች።

ሰርካዲስ መጀመሪያ ጓደኛዋ ልትከላከልላት መስሏት ደስ አላት። የቀበሌው የኪነት ቡድን አባላት በሙሉ አዳራሹ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። የቡድኑ ኃላፊ ጓድ ገብረወልድ ከፊት ለፊታቸው ተቀምጦ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶው ይቆረቁራል። «ጓድ ሰርካዲስ ባለፈው እሁድ ያለ ፈቃድ ከልምምድ ቀርታለች። ሂስ ያለው አለ?» ብሎ የጠየቀው አሁን ነው።

ኡባህ ተነሳች። ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ፣ በቃሏ እንዳጠናችው ትምህርት በአንድ ጊዜ አወረደችው።

«ጓድ ሰርካዲስ ንዑስ ከበርቴያዊ ዝንባሌ አሳይታለች። ሰፊው ሕዝብ ለአስረኛው የአብዮት በዓል ሌት ተቀን በሚዘጋጅበት ሰዓት፣ እሷ ባቡር ተሳፍራ ለሽርሽር ኤረር ሄዳለች። አመሰግናለሁ።»

ተቀመጠች። ኡባህ እኮ እዚያው ባቡር ላይ ከሰርካዲስ ጋር ነበረች! አንድ ወንበር ላይ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ነው የሄዱት። ከብርቱካኑ አራቱን የበላችው እሷ ናት። ኤረር ፍልውሃ ውስጥ ነጠላ ጫማዋን ጥላ፣ የሰርካዲስ አባት ሱሪውን ጠቅልሎ ገብቶ ያወጣላት እሷው ራሷ ናት። አሁን ደግሞ ተነስታ ንዑስ ከበርቴ ትላታለች፤ ያውም አመሰግናለሁ ብላ!

«ሂሱ ተገቢ ነው» አለ ገብረወልድ። «ጓድ ሰርካዲስ፣ ግለ ሂስሽን እስከ ሐሙስ በጽሑፍ ታቀርቢያለሽ።»

በዚያን ዘመን ሰው ስብሰባ ላይ ወይ ሌላውን ይወቅሳል ወይ ራሱን፤ ሦስተኛ መንገድ አልነበረም። ለዚሁ ተብሎ የተባዛ ቅጽ እንኳን ነበር። ገብረወልድ አንዱን ከክምሩ መዝዞ ሰጣት። ሦስት ርዕስ አለው፦ «የተፈጸመው ጥፋት»፣ «የጥፋቱ ተባባሪዎች»፣ «የተወሰደ ትምህርት»። ከታች የፊርማ ቦታ አለው።

«አሟልተሽ ከሞላሽው ቦታሽ ላይ ትቆያለሽ» አላት። «ካልሆነ አኮርዲዮኑን ታስረክቢያለሽ።»

ሌላ ነገር ቢላት ኖሮ ግድ ባልሰጣት ነበር። ቀበሌው ያለው አኮርዲዮን አንድ ብቻ ነው። ከአብዮቱ በፊት የአንድ ክለብ ንብረት የነበረ፣ ከቁልፎቹ ሁለቱ የማይጮኹ፣ ሲከፈት የሚያቃስት አሮጌ ዕቃ ነው። ሰርካዲስ ሁለት ዓመት ሙሉ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እየመጣች፣ ማንም ሳያስተምራት፣ ጣቶቿ እስኪያብጡ ተለማምዳዋለች። ከአዳራሹ ማውጣት ክልክል ነው። ከእጇ ከወጣ ድሬዳዋ ውስጥ ሌላ አኮርዲዮን የት ታገኛለች? ለአስረኛው በዓል ደግሞ ከተመረጡ አዲስ አበባ ድረስ ሄደው ይጫወታሉ፤ እሷ በአኮርዲዮን፣ ኡባህ በዘፈን።

እየተናደደች ወደ ቤት ሄደች። ያናደደቻት ኡባህ ብቻ አይደለችም፤ ቃሉም ነው። ሽርሽር! እውነት ሽርሽር ነበር፣ ማን ካደ? ድሬ ላይ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ስትጠብስህ ከርማ፣ ታህሳስ ሲገባ አየሩ ለጥቂት ሳምንታት ይቀዘቅዛል። እናቷ ሹራቦቹን ከሳጥን የምታወጣውም ያኔ ነው። አባቷ አቶ ክፍሉ በምድር ባቡር ጥገና ክፍል ቶርኖ ላይ ብረት እየቀረጸ ይሠራል፤ በዚያ ወር አንድ እሁድ ዕረፍት ደረሰው። «ኤረር እንሂድ» አለ። በቃ፣ ይኸው ነው። እናቷ ጾም ስለነበረ የምስር ሳምቡሳ ጠበሰች፤ ሻይ በፔርሙስ ቀዳች። ኡባህም ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ በወረቀት ጠቅልላ እየሮጠች መጣች። ለገብረወልድ አያቴ ሐረር ታማብኛለች ብላ እንደመጣች የነገረቻቸው ባቡሩ ከተንቀሳቀሰ በኋላ ነው። ያኔ ሁሉም ሳቁ። ሰርካዲስም ስቃለች። እሷ ራሷ ግን አልዋሸችም፤ ዝም ብላ ነው የቀረችው።

አባቷ እጁ ላይ ያለው የማሽን ቅባት በሳሙና አይለቅም። ማታ ገበታ ላይ ቅጹን ያዘና ራቅ አድርጎ አነበበው።

«ንዑስ ከበርቴ?» አለ። «እኔ?» እጆቹን ገልበጥ አድርጎ አያቸው። ከዚያ ሳቀ።

«ይሄ ደግሞ ምኑ ያስቃል?» አለች እናቷ ወይዘሮ የሺአረግ። «ልጄ፣ ጻፊላቸውና ይተዉሽ። አጠፋሁ ማለት ምን ይጎዳሻል? አንድ ቃል ናት።»

«ግን ምን አጠፋሁ፣ እማዬ?»

«ባታጠፊም።»

«አባዬ፣ አንተ ንገረኛ!»

አቶ ክፍሉ ሳቁን ተወ። «ቀርተሻል፤ እሱ እውነት ነው» አለ። «ቀረሁ ብለሽ ጻፊ። ከዚያ በላይ ያለውን እኔም አላውቀው።»

በማግስቱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ኡባህ መጣች። አልገባችም፤ የግቢውን በር ይዛ ቆመች።

«አባዮ» አለቻት። ቤት እህቷን የምትጠራበት የሶማሊኛ ቃል ነው፤ ለሰርካዲስ የምትለው ነገር ስትፈልግ ብቻ ነው።

«አባዮ እንዳትዪኝ!»

«ስሚኝ አቦ! ወላሂ ተገድጄ ነው። ጣቢያው ላይ ያየን ሰው ነግሮታል። ሁለት ሴት ልጆች ነበሩ አለው። አንዷ ሰርካዲስ ናት፣ ሌላዋ ማናት ብሎ ያዘኝ። እኔ አያቴ ሃሊሞ ታማ ሐረር ነበርኩ አልኩት። እንግዲያው ሂስ አቅርቢባት፣ ንጹሕ መሆንሽን በዚያ አያለሁ አለኝ።»

«አንቺም አቀረብሽ።»

«ምን ላድርግ? ከቡድኑ ካስወጣኝ አባቴ ሁለተኛ ለዘፈን ከቤት አያስወጣኝም። አሁንስ የፈቀደልኝ የመንግሥት ነው ብሎ ፈርቶ አይደለም እንዴ?»

«አራት ብርቱካን በላሽ፣ ኡባህ!»

«ስለ ብርቱካን ነው የምታወሪኝ?»

«አዎ፣ ስለ ብርቱካን ነው! አባቴ ልጦ ነው የሰጠሽ!»

ኡባህ አለቀሰች። «ስሜን እንዳትጽፊ» አለች በመጨረሻ። «ለምኜሻለሁ።»

ሰርካዲስ በሩን ዘጋችው። ቀስ ብላም አልዘጋችው።

ገብታ ቅጹን ዘረጋች። ከላይኛው ርዕስ አልጀመረችም። በቀጥታ «የጥፋቱ ተባባሪዎች» የሚለው ሥር ሄደችና «ኡባህ» ብላ ጻፈች። እስክሪብቶውን ከመጫኗ የተነሳ ወረቀቱ ተበሳ። እሰይ! እንኳን ተበሳ። አዲስ አበባን በሕልሟ ታያታለች!

ከዚያ ግን ዝርዝሩ እንዲህ መጀመር እንደሌለበት ታሰባት። ተባባሪ ከተባለ የመጀመሪያው ማነው? ኤረር እንሂድ ያለው ማነው? አቶ ክፍሉ፤ ጥፋቱ፦ ዕረፍት መውጣት። ሁለተኛ ወይዘሮ የሺአረግ፤ ጥፋቷ፦ ሳምቡሳ መጥበስ። ሰርካዲስ እስክሪብቶውን ይዛ ቀረች። ባቡሩ ሲሄድ አባቷ ጆሮውን ወደ ወለሉ አዘንብሎ፣ «ስሚ፣ ይሄን ጎማ ባለፈው ወር እኔ ነኝ ያስተካከልኩት። አይንኳኳም፣ አየሽ?» ብሏት ነበር፤ እያዳመጠ ፊቱ በርቶ ነበር። እናቷ ቤት ውስጥ ዘፍና አታውቅም። እዚያ ግን እግሯን ፍልውሃው ውስጥ ነክራ፣ ሰው መኖሩን ረስታ ማንጎራጎር ጀመረች። ሲመለሱ ኡባህ በሶማሊኛ አንድ ዘፈን አነሳች፤ ዕቃ ተሸክመው የሚሄዱ ነጋዴ ሴቶች በጭብጨባ ተቀበሏት፤ ፉርጎው ሙሉ ተቀበላት። እና ይሄ ሁሉ የሚጻፈው እዚህ ርዕስ ሥር ነው? አባቷ የጥፋት ተባባሪ? ፊቷ ጋለ። አንዷን ስም እዚያ ከተወች ቀኑ ጥፋት ነበር ብላ አምናለች ማለት ነው። ያንን ደግሞ ለማንም አትሰጥም፤ ለገብረወልድም፣ ለኡባህ ስትልም፣ ኡባህን ለመቅጣት ስትልም።

የኡባህን ስም ፊደሉ እስኪጠፋ ድረስ ሰረዘችው። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሳ መጻፍ ጀመረች።

ሐሙስ ዕለት አዳራሹ ውስጥ ከሁሉም ፊት ቆማ አነበበች። ድምፅዋ ከንዴቷ የተነሳ ጠንክሯል።

«የተፈጸመው። እሁድ ዕለት ሳላስፈቅድ ከልምምድ ቀርቻለሁ። ማስፈቀድ ነበረብኝ። ከቤተሰቤ ጋር ኤረር ሄድኩ። አባቴ የሠራው ጎማ ሳይንኳኳ አደረሰን። የምስር ሳምቡሳ በላን። ብርቱካን በላን። ፍልውሃ ገባን። እናቴ ዘፈነች። ስንመለስ ፉርጎው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዘፈነ። ሹራብ ለብሼ ነበር፤ ነፋሱ ደስ ይላል።»

ከኋላ አንዱ ሳቅ አመለጠው። አንዷ ልጅ «ወይኔ፣ ሳምቡሳ» አለች በሹክሹክታ፤ ሳቁ ተዛመተ። ገብረወልድ ጠረጴዛውን መታ።

«ጸጥታ! ይሄ ግለ ሂስ ነው ወይስ ደብዳቤ?» ወረቀቱን ከእጇ ተቀብሎ ወደ ታች ተመለከተ። «የተወሰደ ትምህርት የሚለው ባዶ ነው። እዚህ ጋ ደግሞ ስም ጽፈሽ ሰርዘሻል። ማነው?»

ኡባህ ከሦስተኛው ወንበር ጫፍ ላይ ሁለት እጆቿን ጉልበቶቿ መሃል ሰክታ፣ መሬት መሬት ታያለች።

«ተሳስቼ የጻፍኩት ነው» አለች ሰርካዲስ።

«የማን ስም ነው?»

«ስህተት ነው፣ ጓድ። ለዚህ ነው የሰረዝኩት።»

«ሁለት ልጆች ታይተዋል!»

«ጣቢያው ላይ ብዙ ልጆች ነበሩ። እኔ ከቤተሰቤ ጋር ነበርኩ።»

ገብረወልድ እስክሪብቶውን ወደ እሷ ገፋ አደረገ። «ትምህርት የሚለው ሥር ጥፋቴን አምኛለሁ ብለሽ ጻፊና ፈርሚ። አንድ መስመር ነው። ካልጻፍሽ አኮርዲዮኑን ጥለሽ ትሄጃለሽ።»

ሰርካዲስ ወደ ጥጉ ዞር አለች። አኮርዲዮኑ ሁለቱ የቆዳ ማሰሪያዎቹ እንደተዘጉ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። እናቷ እንዳለችው አንድ ቃል ናት። ጎንበስ አለች፤ የተሰጣትን ባዶ ቦታ ዘለለችና ታች፣ የፊርማው ቦታ ላይ ፈረመች። ስሟን ከነአባቷ ስም፣ በትልልቁ።

«መስመሩስ?»

«ጨርሻለሁ» አለች።

እስክሪብቶውን መለሰችለትና ወጣች። አኮርዲዮኑን ተመልሳ አላየችውም፤ ብታየው እንደምታለቅስ አውቃለች። ውጪ ግን ያው አለቀሰች፤ የአዳራሹን ግድግዳ ተደግፋ፣ በንዴት፣ አፍንጫዋን በሹራቧ እጅጌ እየጠረገች። ምን በደለቻቸው? ለምን ደስ ላለው ሰው ቅጽ ይባዛል?

ስብሰባው ሲበተን ኡባህ እየሮጠች ወጣች። ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብላ ቆመች።

«ሰርካዲስ፣ ወላሂ…»

«ተይው» አለች ሰርካዲስ። «አሁን ምንም አትበይኝ። ላንቺ ብዬ አይደለም የሰረዝኩት።»

ኡባህ ራሷን ነቀነቀች። የጋሪ ፈረስ ቃጭሉን እያንቃጨለ በአጠገባቸው አለፈ። ሰርካዲስ ጥቂት ሄደችና ቆመች። ተናድዳለች፣ ገና ብዙ ቀን ትናደዳለች፤ ቢሆንም ዞር አለች።

«አባቴ ጥር መጨረሻ ላይ ሌላ እሁድ ይደርሰዋል። ኤረር እንሄዳለን።»

ኡባህ ቀና ብላ አየቻት።

«መምጣት ከፈለግሽ ትመጫለሽ» አለች ሰርካዲስ። «ማንም ታመመ እንዳትዪ ግን። ገብረወልድ ፊት ቆመሽ፣ እሁድ ኤረር ልሄድ ነው፣ ፍቀድልኝ ትዪዋለሽ። ጮክ ብለሽ። ያን ማለት ካቃተሽ ቅሪ።»

መልሱን ሳትጠብቅ መንገዱን ተሻግራ ሄደች።