ያልታጠቡት ሞረዶች

ፀሐይ እንደ ዛገ ብረት ቀልታ በወጣችበት ማለዳ፣ በሳርዶን ቤተ መንግሥት የተሰቀለው የነገሥታቱ ሰይፍ ደንዞ ተገኘ። ሕዝቡ አለቀሰ። ሰይፉ የደነዘ ዕለት ጉርምባ ትነቃለች የሚለውን ትንቢት ሕፃን እንኳ ያውቀው ነበር። ጉርምባ ያገኘችውን በደረቷ ላይ ጠምጥማ ቀስ ብላ የምታደቅ ዘንዶ ናት።

ንጉሡ ሰይፉን የሚያነሣ ጀግና ጠየቀ። እንዲህ ያለ ቀን ሹማምንቱን ሁሉ ወገባቸውን ያማቸዋል። የተነሣው ከልዳን የተባለ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ብቻ ነበር።

«ጉርምባ ሳትወድቅ ብመለስ የአባቴ አጥንት ይፋረደኝ!» ሲል ማለ።

ታናሽ እኅቱ አርሚት ቢላና ሰይፍ በሞረድ ድንጋይ የምትስል ስለት አውጪ ነበረች። ከወንድሟ ሌላ ዘመድ የላትም፤ ስለዚህ ከሽማግሌው መምህሯ ከአያ ደምባሽ ጋር ተከተለችው። ስድስት ቀን በአመድ ሜዳ ተጉዘው ከዘንዶዋ ተራራ ሥር ካለው የሞረዶች ዋሻ ደረሱ።

ስለት አውጪ ሲሞት ሞረድ ድንጋዩ እዚህ ይቀመጣል። የእጁ ወዝ ስላለበት አይታጠብም፤ ማጠብ መቃብር ከመቆፈር አይለይም።

«ይህ ሰይፍ በሦስት ሞረድ ነው የሚሳለው» አሉ አያ ደምባሽ። «ሻካራው ይነክሳል፣ መካከለኛው ያስታርቃል፣ ልዝቡ ዝም ያሰኛል። የጉርምባን ቆዳ የሚከፍተው ልዝቡ የጨረሰው ስለት ብቻ ነው። በይ ለዪ ልጄ፣ የእኔን ጣት ድንጋይ በልቶታል።»

አርሚት መቶ ድንጋይ ዳሰሰች። ሻካራው እንደ ድመት ምላስ ጣቷን ያዘው። መካከለኛውም አልጠፋትም። ልዝቡ ግን አደከማት። በመጨረሻ ጣቷ ያለ እንቅፋት የሚንሸራተትበት ጥቁር ድንጋይ አገኘችና ደስ አላት። ሰይፉን በሦስቱ ሳለችው።

በማግስቱ ጠዋት ጉርምባ እስከ ዋሻው አፍ መጣች። ከልዳን ሰነዘረ። ሰይፉ ግን ቆዳዋ ውስጥ ተነክሶ ቀረ፤ ዘንዶዋም እሱን በደረቷ ላይ ጠመጠመችው። ከልዳን እንደምንም ሰይፉን ነቅሎ ዋሻው ውስጥ ላለችው ለአርሚት ወረወረላት።

«ስለቱ ጥርስ አውጥቷል! አርሚትዬ፣ ፍጠኚልኝ!»

ስለቱን ስታየው እንደ መጋዝ ሆኗል። ያን ጊዜ ገባት። ጥቁሩ ድንጋይ ልዝብ አልነበረም፤ የዘመናት የብረት ዝቃጭና ቅባት ሞልቶት ሻካራነቱን ሸፍኖት ነበር እንጂ። ጥፋቱ የእሷ ነበር።

«አያ፣ ድንጋዮቹን ላጥባቸው ነው።»

«የአባቴም ሞረድ ከዚያ ውስጥ ነው» አሉ ሽማግሌው። ከውጭ የከልዳን ጩኸት ተሰማ። ውኃ የያዙበትን ቅል ፈቱና ሰጧት። «እጠቢው። ኃጢአቱ በእኔ ይሁን።»

በአመድና በውኃ ፈተገቻቸው። ለስላሳ የመሰሉት ሻካራ ሆነው ወጡ። ቆሻሻ ስለደረቀበት ትናንት ንቃ የጣለችው አንዱ ደግሞ ሲታጠብ እንደ እንቁላል ቅርፊት ለሰለሰ፤ ብረት ሲያልፍበት ድምፅ የለውም። የአያ ደምባሽ አባት ሞረድ ነበር። ሽማግሌው አወቁትና ፊታቸውን አዞሩ።

ጥርሱን በመካከለኛው አጠፋች፣ ከዚያ በልዝቡ ሳለች። መቸኮል ስለቱን መልሶ ያበላሸዋልና የወንድሟ አጥንት ሲሰበር እየሰማች ቀስ ብላ ሳለች። እንዲህ ያለ ሥራ ለጠላትም አይስጥ።

ስትወጣ ከልዳን ፊቱ ጠቁሯል።

«ልቧ ከጀርባዬ ይመታል» አላት በሚያቃስት ድምፅ። «በእኔ በኩል አሳልፊው።»

«አልችልም ወንድሜ!»

«እኔ አልቄያለሁ። ሳርዶንን አትርፊ።»

ዐይኗን ሳትጨፍን ወጋች። ሰይፉ በሁለቱም ውስጥ አለፈ። ጉርምባ ተራራውን እያናወጠች ወደቀች፤ ፀሐይም መልኳ ተመለሰ።

አርሚት የወንድሟን ራስ ጭኗ ላይ አስተኛች። ስለቱ እንዳለፈበት እንኳ ስላልተሰማው ግራ ተጋብቶ ቀና ብሎ አያት።

«ምነው ዘገየሽ?» አላት። «መች ነው የምትወጊው?»

«አሁን» አለችው እንባዋን ውጣ። «አይዞህ፣ አሁን ነው።»