የቀማሚው እጅጌ

ሽቶ ቀማሚው መቀመሚያ ክፍሉ ውስጥ በጋዝ ታፍኖ ሞተ። ጉድ እኮ ነው! የሦስተኛ ጎረቤት ሽንኩርት ሲያር የሚያውቅ አፍንጫ ጋዝ እንዴት አመለጠው?

ሚስቱ ጣቷን በእንጀራ ልጇ ላይ ቀሰረች። «ቱቦው መቀመሚያ ክፍሉ የሚገባውን የኮሪደሩን ሲሊንደር የምትዘጋው እሷ ናት። አባቷን ገደለችው!»

«ስወጣ ዘግቼዋለሁ... መሰለኝ» አለች ልጅቷ። «እኔ ከሆንኩ ያስሩኛል?»

መርማሪዋ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ ልጅቷን አስተዋሏት። ልጅቷ በየመሃሉ አፍንጫዋን እጅጌዋ ውስጥ ትቀብራለች።

«ምን እያደረግሽ ነው የኔ ልጅ?»

«ልማድ ነው። ሽታ ሲበዛብን የራሳችንን እጅጌ አሽትተን አፍንጫችንን እናሳርፋለን። አባዬ ነው ያስለመደኝ።»

መርማሪዋ የሟቹን ጋዋን አንስተው እጅጌውን ደጋግመው አሸተቱ። ምንም የለውም። የጽጌረዳውን ጠርሙስ ከፈቱ፤ ሸተታቸው። ከዚያ ሲሊንደሩን ለአፍታ ከፈት አደረጉ። አሁንም ምንም።

«ኧረ ጋዝ! ጋዝ ሸተተኝ!» ጮኸች ልጅቷ ከበሩ።

መርማሪዋ ቶሎ ዘግተው ወጡ። ሞት ፊታቸው ላይ ሲነፍስ አፍንጫቸው አልነገራቸውም።

የሟቹ ታናሽ ወንድም ኬሚስት ነው። መርማሪዋ ስለ ሥራው ጠየቁት። «አፍንጫ ውስጥ ያሉት ሽታ ተቀባዮች እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ናቸው» አላቸው። «የሚገጥመው ሽታ ሲገባ ለአንጎል ይናገራሉ። ሽታ የሚያፍነው የኔ ፈሳሽ ግን ቀድሞ ገብቶ የግማቱን ቀዳዳ ብቻ ይይዛል። ቆዳ ሲያለፉ ለሚውሉ ምስኪኖች ብዬ ነው የሠራሁት።»

«ወንድምዎስ ወደደው?»

 የሟቹ ሚስት ቀድማው፣ «‹ማስጠንቀቂያ የሚያፍን ነገር ከቤቴ አይወጣም› ብሎ ከልክሎታል» አለች።

መርማሪዋ ሦስቱንም ሳሎን ሰብስበው ጋዋን አቀበሏቸው። «አሽትቱልኝ» አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ሚስትየው ኮሌታውን አሸተተች። ልጅቷ ፊቷን ቀበረችበትና፣ «የአባዬ ሽታ የለውም» ብላ አለቀሰች። አጎቷ ግን ሁለቱንም እጅጌ በጥንቃቄ ወደ ኋላ አጥፎ፣ ትንፋሹን ይዞ ኮሌታውን ጠጋ አለው።

«እጅጌው ምን አደረገዎት?» አሉት መርማሪዋ። «ይሄ ከቁም ሣጥን የወጣ አዲስ ጋዋን ነው።»

ሰውየው አመድ መሰለ።

«ንጹሕ ጋዝ አይሸትም፤ ግማቱን የሚጨምሩበት ሰው እንዲሸሽ ነው። እርስዎ ፈሳሹን የወንድምዎ እጅጌ ላይ ቀቡ። እሱ አፍንጫዬን ላሳርፍ ብሎ ማገው። ጽጌረዳው ስለሸተተው ምንም አልጠረጠረም። ልጅቷ ዘግታ ስትወጣ ሲሊንደሩን መልሰው ከፈቱት። እሷን ሊያስበሉ!»

«ሥራዬን ሊቀብረው ነበር» አለ ሰውየው ወለሉን እያየ።

ልጅቷ ወደ መርማሪዋ ዞረች። «ዘግቼው ነበር ማለት ነው?»

«ዘግተሽዋል፣ የኔ ልጅ።»

እፎይ አለች፣ እንባዋም መጣ። እንደ ልማዷ አፍንጫዋን ወደ እጅጌዋ ወሰደች፤ ሳይነካት ደንግጣ ክንዷን ከፊቷ አራቀች።