የቢየላው ቡሎኖች

መካኒኩ ከሞተሩ አጠገብ በጀርባው ተዘርሯል። የሞተሩ ጎን ተበስቷል። ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያያይዘው ክንድ፣ ቢየላው፣ ተሰብሮ ወጥቶ ደረቱን መትቶታል።

«ማን ገጠመው?» አለ መርማሪው።

«እኔና ወንድሜ» አለ የሟች ታናሽ። «የቢየላዎቹን ቡሎን ያጠበቅኩት እኔ ነኝ።»

«አጥብቀሃል?»

«መሰለኝ።»

ታናሽየውን ሊወስዱት የመጡ ፖሊሶች በር ላይ ቆመዋል። የሁለቱ ወንድማማቾች እናት ፖሊሶቹን ታያለች።

ባለጋራዡ መርማሪውን ወደ ጎን ሳበው። «ምን ያደክምሃል ጌታዬ? እሱ እንኳን ቡሎን ቀበቶውንም አያጠብቅም።»

«ክራንክሻፍቱን ማን ሞረደው?»

«የሟች ሚስት። እንደሷ ፈጣን የለም፤ የመሞረጃው ድንጋይ ገና ሳይቆም መለኪያውን፣ ማይክሮሜትሩን፣ ትደቅናለች። ቢየላ የሚታሰርባቸው አራት አንገቶች አሉ። ሦስቱን በአንድ ከሰዓት ጨረሰች። አራተኛዋ ሳታልቅ መብራት ጠፋ፣ በማግስቱ ጠዋት ለክታ ጨረሰቻት።»

ሚስትየው አማቷ ጎን ተቀምጣለች። «ልኩ ልክ ነበር» አለች፣ ሳትጠየቅ።

መርማሪው ክራንክሻፍቱን ሌላ ጋራዥ ወስዶ አስለካው። ተመልሶ ሁሉንም ሞተሩ አጠገብ ሰበሰበ።

«ቡሎኖቹ አንድም የላላ የለም» አለ። «የተሰበረው ቢየላ ላይ ያሉት እንኳ እንደጠበቁ ናቸው። የቀለጠው ብሮንዚኑ፣ በቢየላውና በአንገቱ መሃል ያለው ስስ ብረት ነው። ብሮንዚን ዘይት ሲያጣ ይቀልጣል። እዚህ ዘይት ሞልቷል፣ ግን አንገቱ ስለቀጠነ ክፍተቱ ሰፍቶ ዘይቱ ያመልጣል፤ ብሮንዚኑ ሲቀልጥ ደግሞ ቢየላው ተይዞ ይሰበራል።»

«ማይክሮሜትሩ አርጅቶ ይሆናላ» አለ ባለጋራዡ።

«ቢያረጅ አራቱም ይበላሹ ነበር። የቀጠኑት ሦስት ናቸው። አራተኛዋ፣ አድራ የተለካችው፣ ልክ ናት።» ወደ ሚስትየው ዞረ። «ብረት ሲሞረድ ይግላል፣ ያብጣል። በትኩሱ ልክ የሆነው ሲበርድ ያንሳል። አይደለም እህቴ?»

ሚስትየው መለሰች፦

«ጠዋት አራተኛዋን ስለካ ከማታው ልኳ አንሳ ሳገኛት ሌሎቹን ጠረጠርኳቸው። ደግሜ አልለካሁም። ሴት ሞርዳ አበላሸች እንዳይሉኝ። ባሌ ‹ልክ ናቸው?› አለኝ። ‹እኔ እያለሁ?› አልኩት።»

«አንድ ልጅ ቀርቶኝ» አለች አማቷ፣ «እሱንም ሊወስዱብኝ ሲሉ ዝም አልሽ?»

«አፍሬ ነው እማዬ።»

ታናሽየው ቀስ ብሎ ተነሳ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት ብዬ እግርሽ ላይ ስወድቅ...»

«ተው በቃ» አለች ሚስትየው።

«ይቅር ብዬሃለሁ አልሽኝ።»

ሚስትየው ቀና ማለት አቃታት። መርማሪውም መሬት መሬቱን ያይ ጀመር።